ሰው ከሆነ ይደግመዋል

ልጃችሁ ኦቲዝም እንዳለበት ሲነገራችሁ ስለ ልጁ ብዙ ትጠየቃላችሁ። መቼ ዳኸ፣ መቼ ቆመ፣ ምን ይበላል፣ እንዴት ይተኛል። ስለ እናንተ ግን የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቅ ቢገኝም «ደህና ነኝ» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። እኔም ደህና ነኝ እያልኩ ነው የታመምኩት። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለ ልጄ ስለ ናሆም ቢመስልም የታመምኩት እኔ ነኝ፣ የዳንኩትም እኔ ነኝ። ናሆም በሽተኛ አይደለም። ይህችን አንዲት ነገር ለመረዳት ራሱ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ስሜ ሰርካለም ነው። ጎንደር ከተማ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ እንኖራለን። ሥራዬ ጥልፍ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ በስፌት ማኪና እጠልፋለሁ። ባለቤቴ ደርበው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ እስከ ዛሪማ ይመላለሳል። መንገድ ሲዘጋ እዚያው ይቀራል፤ መንገድ በኛ አገር ደግሞ መዘጋት ያበዛል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከልጅነቴ ልነሣ። ያደግሁት ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ ቤት ነው። እዚያ፣ ጠሪው ለዓይን ካልታየ በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» አይባልም። በተለይ በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ከብቱም ሰውም ጥላ ሲፈልግ። ያ ሰዓት የሰው አይደለም ይሉናል። በዚያ ሰዓት የሚጠራ ነገር አለ፤ የመለሰለትን ይዞ ይሄዳል። ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድሜ በቀትር ተጠርቶ፣ አቤት ብሎ፣ ወንዝ ወርዶ ቀርቷል። እናቴ እንዲህ ነው የምትናገረው። ጎርፍ ወሰደው ብላ አታውቅም፤ ተጠራ ነው የምትለው። ስለዚህ እኔን ስታሳድግ አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ።

«ሰው ከሆነ ይደግመዋል ልጄ። ያ ነገር ግን አንዴ ብቻ ነው የሚጠራ። ዝም ካልሽው ያልፋል።»

ከገብሱ ማሳ ዳር ሆኜ ስሜ ሲጠራ ቀጥ ብዬ ቆሜ ሁለተኛውን እጠብቅ ነበር። ከተማ ገብቼ፣ ተምሬ፣ አግብቼም ልማዱ አልለቀቀኝም። ደርበው ከግቢው በር ሆኖ «ሰርኬ!» ሲል እስኪደግመው አፌ አይከፈትም። «አንቺን ለመጥራት የመኪና ጡሩምባ ነው የሚያስፈልግ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

ናሆም አንድ ዓመት እንዳለፈው «እማ» ይል ነበር። በደንብ ይል ነበር፤ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል። «አባ» ይላል፣ መብራት ሲመጣ ወደ አምፖሉ ይጠቁማል። ከዚያ ቀስ በቀስ ተወው። በአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ ደንግጬ አገር እሰበስብ ነበር። እንደ ውኃ ስርገት ነው የሄደው፤ ሳናየው። የመጨረሻውን «እማ» ያለኝ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ማኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ይሆናል። ምናልባትም «ቆይ» ብዬው ይሆናል።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ለመስቀል እናቴ ዘንድ ወሰድነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው መጣ። ናሆም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠጠር ይደረድራል። እናቴ ከኋላው ሆና «ናሆም!» ብላ ተጣራች። አልዞረም። ፊቷ በደስታ በራ።

«እሰይ! ሸጋ ልጅ! አያችሁት አይደል? ማንም ሳይነግረው አወቀው። በመጀመሪያው ጥሪ አይዞርም!»

ሁለተኛ ጠራችው፤ አልዞረም። ሦስተኛም ጠራችው። አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «ይኸ ልጅ ብልጥ ነው፣ ሰውንም አያምን!» አሉና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜን የነጠቃት ነገር ይህን ልጅ አያገኘውም ብላ እናቴ ግንባሩን ሳመችው። ያንን ሳቅ ዛሬም አንዳንዴ እሰማዋለሁ። ስሙን ሲጠሩት አለመዞር የመጀመሪያው ምልክት እንደሆነ የነገረኝን ሰው ያገኘሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኛ ግን እንደ ጸጋ ቆጥረነው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንደኔ ያለች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። መጀመሪያ «ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል» ተባልኩ። ቀጥሎ ቴሌቪዥን አጥፊበት ተባልኩ፤ አጠፋሁ። አንድ ክሊኒክ ምላሱ ተይዟል፣ ከሥሩ ትንሽ እንቁረጥለት አሉና በቀጠሮው ቀን መንገድ ተዘግቶ ደርበው ስላልመጣ ቀረ፤ እግዜር ይስጠው የዚያን ቀን መንገድ። አንዱ ጋ ደግሞ ጆሮውን አስመረመርነው። መርማሪው «ከእኔም ከአንቺም ይሻላል» አለ። ጸበልም ወስጄዋለሁ፤ ቅዝቃዜው ሲነካው የጮኸው ጩኸት ሕዝቡን ሁሉ አስደነገጠ። ቄሱ ጠጋ ብለው «አታስጨንቂው ልጄ፣ በእጅሽ ቅቢው ይበቃዋል። ሐኪም ዘንድም ውሰጅው» አሉኝ። ስለ ልጄ ሲናገሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ አንድ የሕፃናት ሐኪም መሬት ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ነገረን። አእምሮው ከጥንት ከመሠረቱ ዓለምን በሌላ መንገድ የሚቀበል ልጅ ነው አለን። ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ የሰው ፊት፣ ለእኛ እንደሚቀልለን አይቀልለውም። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ ትዕግሥት፣ ጨዋታ፣ የማይለዋወጥ የቀን ሥርዓትና ሥራውን የሚያውቅ አስተማሪ ነው የሚያስፈልገው። «በማን ጥፋት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «በማንም» አለኝ። አላመንኩትም።

ደርበው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምተኛ ሆነ። ረጅሙን ጉዞ ይመርጥ ጀመር። አልጣልኩትም፣ አልጣለኝም፤ ግን ቤት ሲመጣ እንኳ ገና ያልደረሰ ሰው ይመስለኝ ነበር። እኔ በበኩሌ በሬን ዘጋሁ። ናሆም ክፍት በር ካየ ወደ መንገዱ ይሮጣል፤ ባጃጁ፣ ሲኖትራኩ ምኑ ነው። ለቅሶ ቤት መሄድ ተውኩ፣ ሠርግ ተውኩ፣ ማኅበሬን ተውኩ። «ዛሬም አልተናገረም?» የምትለዋን ጥያቄ በመጥላት ሰውን ሁሉ ጠላሁ። እኔና ናሆም፣ ማኪናዋና የተቆለፈው በር ቀረን።

ሌሎች እናቶች ሌሊት ያስፈራናል ይላሉ። የኔ ፍርሃት የቀን ነው። በግቢያችን ከረፋዱ በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል፤ በቀትር የቧንቧው ጠብታ እንኳ ይሰማል። እንዲህ ባለ አንድ ቀን ክር ልቀይር ማኪናዋን አቆምኩ።

«እማ።»

ከጓሮ በኩል ነው የመጣው። ጥርት ያለ፣ የሕፃን ድምፅ። ዞር ስል ናሆም ግድግዳው ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ የክር ማዳወሪያዎቼን በየቀለማቸው ይደረድራል። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ገላዬ ከኔ ቀድሞ የእናቴን ትእዛዝ አስታወሰ፤ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። አልተደገመም።

በማግሥቱም መጣ። ከዚያ አንዳንድ ቀን ይቀራል፣ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ ሁልጊዜ አንዴ ብቻ። ናሆም ከዓመታት በፊት የተወው ድምፅ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ የገዛ ልጄን ድምፅ እንዴት አላውቀውም? ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ለክፏታል ይሉኛል፣ ያ ወሬ ደግሞ ዞሮ ልጄ ላይ ነው የሚያርፈው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። እየፈራሁት እጠብቀው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ማኪናዬን ዝም አሰኝቼ ጆሮዬን አቆማለሁ። ሲቀር ከፍርሃቱ ይልቅ ናፍቆቱ ያመኛል።

ሰውነቴም ይከዳኝ ጀመር። ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቃል። እጄ እየደነዘዘ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። ምግብ አፌ ውስጥ አመድ አመድ ይላል። እንቅልፍ ሲመጣ ናሆም ይነሣል፤ ናሆም ሲተኛ እንቅልፌ ሄዷል። ጠዋት ጸጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሣት እንደ ውኃ መቅዳት ይከብደኛል። ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ተባልኩ፣ መርፌ ተወጋሁ። ሌላው ጋ ጨጓራ ተባልኩ። ሌላው ደም ማነስ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠኝ። የልብ ምት የሚያነበውን ማሽን ደረቴ ላይ ለጥፈው «ልብሽ ደህና ነው» ሲሉኝ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ከደስታ አልነበረም። ሁሉም ምን እንደሚያመኝ ጠየቁኝ፤ ቤትሽ ማን አለ፣ ማን ያግዝሻል ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

አንድ የተራ መጠበቂያ አዳራሽ አይረሳኝም። ናሆም ከኔ ጋር ነው፤ የማስቀምጥበት የለኝም። ከጣሪያው ላይ አንድ የመብራት ሸምበቆ ይርገበገባል፤ እኛ ሳናየው የምናልፈው ነገር ነው፣ ለእሱ ግን በዓይኑ ውስጥ የሚገባ መርፌ ነው መሰለኝ። ዓይኑን ሸፍኖ መጮህ ጀመረ። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዱ «ምነው፣ ልጁን ብትቆጭው!» አለ። ሌላዋ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቀለች። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ስመኝ፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ የጭልጋ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው በናሆም ራስ ላይ እንደ ጎጆ ዘረጉለት። ውስጡ ጨለማ ሆነ። ናሆም ዝም አለ።

«የኔን ተራ ያዥው» አሉኝ።

«አያ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ ታመዋል እኮ።»

«እኔ ከሞት ጋር ተላምጃለሁ፤ ግቢ በይ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ቀልድ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም፤ ጋቢያቸውን መልሼ ስሰጣቸው እጃቸውን ሳምኩ። እንዲህ ያለ ሰው በመንገዳችሁ ላይ ይኖራል፤ ጥቂት ነው፣ ግን ይኖራል።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስኩ። ልዝለለው ብዬ ነበር። ግን ለእናንተ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ስለሆነ አልዘለውም።

ደርበው ዛሪማ ነበር። ቀትር ነው። ሦስት ቀን አልተኛሁም ይሆናል፣ አራት ይሆናል፤ አላውቅም። ማኪናዋ ላይ ፊቴን ደፍቼ፣ ተኝቼም ነቅቼም ሳልሆን፣ ድምፁ መጣ።

«እማ!»

ከጓሮ በኩል። እንደ ሁልጊዜው። እንደ ሁልጊዜው ትንፋሼን ዋጥኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ የማኪናዋን መዘውር ጨብጬ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። አልተደገመም። «ያልፋል» አልኩ ለራሴ፣ «ዝም ካልኩት ያልፋል።» አለፈም። ከዚያ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ግድግዳው ሥር የክር ማዳወሪያዎቹ ብቻ ናቸው ያሉት፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ወርቃማው፣ ተራቸውን ጠብቀው። ናሆም የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። ማለዳ ውኃ ቀድቼ ስገባ ሳልቆልፈው ቀርቻለሁ።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ወደ መንገዱ ነው የሮጥኩት፤ ባዶ እግሬን። ስሙን እየጠራሁ ሮጥኩ፣ ስሙን ቢጠሩት የማይዞረውን ልጅ። እትዬ ዘነቡ፣ ከጓሮ በኩል ያለችው ቤት ተከራይ፣ ከኋላዬ ጠሩኝ። በዚያ ሰዓት እንኳ ሁለተኛ እስኪጠሩኝ ድረስ አልዞርኩም።

«ሰርኬ! ሰርኬ! እዚህ ነው!»

ናሆም ጓሮ ነበር። ከአጥሩ ሽቦ ጋር ክንዱ ተያይዞ፣ ሹራቡ በደም ርሶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አያለቅስም። ከሽቦው ቀስ አድርጌ ሳላቅቀው ወደ ፊቴ አላየም፤ የሚያየው ከአጥሩ ማዶ የተሰጣ ቀይ ልብስ ነው። እትዬ ዘነቡ አጠገቤ ቆመው፣ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው፣ በደስታና በድንጋጤ መሐል ሆነው እንዲህ አሉኝ።

«እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ። 'እማ' ሲል ሰማሁት፣ በዚህ ጆሮዬ! ልጁ አፉን ፈታ ብዬ እልል ልል ነበር። ከዚያ እናቱ ሰምታለች፣ ትወጣለች፣ እሷው ትቅደም ብዬ ጠበቅሁ። ምነው ቆየሽ?»

የልጄን ክንድ በነጠላዬ አሠርኩ። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም፤ ድኗል፣ ዛሬ ምልክቱ ፈልገው ካላዩት አይታይም። እኔ ግን እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጥኩና መነሣት አቃተኝ። ደርበው በማግሥቱ ሲደርስ ያገኘኝ አልጋ ላይ ነው፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ። ብዙ ጊዜ ጠራኝ። አልመለስኩለትም።

«ሰርኬ» አለኝ በመጨረሻ፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ። «ለልጁ ስንሮጥ አንቺን ረሳንሽ። አንቺ ነሽ የታመምሽው። እኔም ሸሽቼሻለሁ።»

የአእምሮ ሕክምና ክፍል የወሰደኝ እሱ ነው። በከተማችን እዚያ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሚያልፍ ሁሉ ማን ነው የተቀመጠው ብሎ ያያል። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ። ደርበው ግን ናሆምን ጭኑ ላይ አድርጎ ከሁሉ ፊት ተቀመጠ። የሚያውቀው ሹፌር አልፎ «ምነው ደርበው፣ ማን ታሞ?» ሲለው ሳይሰቅቀው «ባለቤቴ» አለ። ያቺ አንዲት ቃል የመድኃኒቴ መጀመሪያ ነበረች።

ሐኪሟ ስለ ልቤም ስለ ሆዴም አልጠየቀችኝም። ወንበሯን አጠገቤ ስባ «መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ የተኛሽው?» አለችኝ። ማስታወስ አቃተኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ድምፁንም። ትስቅብኛለች ወይም ትደነግጣለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ድባቴ ነው ያለብሽ» አለችኝ። «ኀዘን ብቻ አይደለም፤ አካልሽም አእምሮሽም ዝለው ወድቀዋል። እንቅልፍ ያጣ፣ ብቻውን የቀረ ሰው የሌለ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ይታከማል። እብደት ብለሽ ስም አትስጭው።»

«የመጨረሻው ግን የሌለ አልነበረም» አልኳት። «ጎረቤቴ ሰምተዋል።»

«አዎ። እሱ የልጅሽ ነው።»

«እንግዲያው ከዚያ በፊት የሰማኋቸውስ? ስንቱ የሱ ነበር? ስንቱን ዝም አልኩት?»

ልትዋሸኝ ትችል ነበር። «አላውቅም» አለችኝ። «አንቺም የምታውቂ አይመስለኝም። ከዚህ ጋር መኖርን ነው አብረን የምንማረው።»

ስለ መዳን ልንገራችሁ። የሚዋጠው መድኃኒት ወዲያው አይሠራም፤ መጀመሪያ አፌን አደረቀው፣ አፈዘዘኝ፣ ልተወው ስል ደርበው በልመና አስዋጠኝ። ቀስ በቀስ እንቅልፍ መጣ። ሐኪሟ ልክ እንደ መድኃኒቱ አድርጋ እረፍት አዘዘችልኝ፤ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ናሆምን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ እኔ ከቤት እወጣለሁ። መጀመሪያ ላይ የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ እስከ ፒያሳ ሄጄ ተቀምጬ መጣሁ። ከሌሎች እንደኔ ካሉ እናቶች ጋር ተዋወቅሁ፤ አንዷ ከወለቃ፣ አንዷ ከጠዳ ትመጣለች። ልጆቻችን በየጥጋቸው ይደረድራሉ፣ ያዞራሉ፣ እኛ ይቅርታ ሳንጠያየቅ እናወራለን። ደርበው ረጅሙን መንገድ ለሌላ ሰጥቶ አጭሩን ያዘ። ገቢያችን ቀነሰ፣ ቤታችን ግን ሰው ገባበት። ድምፁም እየራቀ ሄደና ቆመ። ሲቆም ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንደ ሐዘንተኛ ነው የሆንኩት። ቀትር ሲሆን ጆሮዬ ባዶውን ያዳምጥ ነበር።

እናቴም ከደባርቅ ወርዳ ከኛ ጋር ተቀመጠች። የሆነውን የነገርኳት ምስር እየለቀመች ሳለ ነው። አንዴ እንደጠራኝ፣ ሁለተኛውን ስጠብቅ እንደቀረሁ። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ሰው ከሆነ ይደግመዋል ብዬሽ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ እምዬ።»

«እሱ ሰው ነው። አልደገመውም።»

«አዎ።»

ምስሩን ለቅማ ጨረሰች። ማታ ላይ «እንዳይወስድሽ ብዬ ነበር እኮ» አለችኝ። ስለ እኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ያ ወንድሜ ሲጠራ ሰምታው ይሆን? ወንዝ ዳር ሆኖ «እምዬ» ብሎ አንዴ ጠርቷት፣ እሷም ሁለተኛውን ስትጠብቅ ቀርታ ይሆን? አልጠየቅኋትም። አሁንም አልጠይቃትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ቀትር፤ ግቢው ጭር ብሏል። እኔ ማኪናዬ ላይ ነኝ፣ እናቴ ከደጅ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ናሆም ግድግዳው ሥር ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶኛል። የክሩ ጫፍ ተወሳስቦበት ሲታገለው አይቻለሁ። ማኪናዬን አቆምኩ።

«እማ።»

አንዴ። ጥርት ያለ።

ናሆም አልዞረም። መድኃኒቴን ጠዋት ውጬዋለሁ፤ ተኝቼ ነው ያደርኩት። ተመልሶ መጣብኝ ብዬ አሰብኩ፤ ታመምኩ፣ እንደገና ታመምኩ። ልመልስ? ብመልስ ለሌለ ነገር መመለሴ ነው። ዝም ልበል? ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተጋደመ።

«አቤት!»

የመለሰችው እናቴ ናት። በርበሬው በጭኗ ላይ ተበትኖ፣ ገና ከመቀመጫዋ ብድግ እያለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ በቀትር ዘግታው የኖረችውን አፍ ከፍታ ነው የመለሰችው። ድምፁን ሰምታዋለች። እሷም ሰምታዋለች። «አቤት ሆዴ! አቤት የኔ ጌታ!» እያለች ገባች፤ ቀጥሎ የሚሆነውን እየፈራች መሆኑን ከዓይኗ አየሁት። ፈርታ ነው የመለሰችው።

«አቤት» አልኩ እኔም። ድምፄ ተሰበረ።

ናሆም ፊቱን ሳያዞር የተወሳሰበውን ክር በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ዘረጋልን። ሁለታችንም ተንበርክከን ክሩን ያዝነው። አልደገመውም። እስኪደግመውም አልጠበቅነውም።